በሩጫ ላይ ስልክ ሲጠራ
(በመካነ ሰላም ለሠፈር ነዋሪዎች ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ርእስ ትንሽ ይመስላል። የስፖርት ሰዓት በእጁ አስሮ የሚሮጥ ሰው ስልክ ሲጠራበት ምን ያድርግ? የሚል ነው። ነገሩ ሯጩን ብቻ ሳይሆን ደዋዩንም ይመለከታል። ደዋዩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እናት ነች፣ አባት ነው፣ ወይም ጐረቤት ነው። ስለዚህ ሁላችንም ጆሮ እንስጠው።

ጎሕ ሲቀድ፣ አንዱ ሱብሒ ሰግዶ፣ ሌላው ቤተ ክርስቲያን ስሞ፣ ወደ መንገዱ ወጥቶ የሚሮጥ ወጣት አለን። አንዳንዱም ከውጭ አገር ዘመድ የላከለትን የስፖርት ሰዓት አስሯል። ይህ ሰዓት የተሮጠውን ርቀት ከሳተላይት በሚያገኘው ምልክት ይለካል፤ የልብ ምትም ይቆጥራል። በአብዛኛው ግን የራሱ ሲም ካርድ የለውም። ጥሪውን የሚያቀብለው በኪስ ያለው ስልክ ነው። ሁለቱ የሚገናኙት ብሉቱዝ በሚባለውና ዐሥር ሜትር ያህል በሚደርሰው የሬዲዮ ሞገድ ነው። ስልኩን ቤት ትቶ የወጣ ሰው፣ ሰዓቱ ርቀቱን ይቆጥርለታል እንጂ ጥሪ አያሳየውም።

እንግዲህ ስልኩ ሲጠራ ሰዓቱ በእጅ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ የደዋዩም ስም ይወጣል። ያን ጊዜ ሦስት መንገድ አለ፦ ማንሣት፣ መዝጋት፣ ሳይነኩ ማሳለፍ። ሦስቱ በደዋዩ ጆሮ አንድ አይደሉም።

አንደኛ፣ ማንሣትን እንይ። ማይክና ድምፅ ማጉያ ያለው ሰዓት ከሆነ በእጅ ላይ መነጋገር ይቻላል። ብዙዎቹ የስፖርት ሰዓቶች ግን ይህ የላቸውም። በሰዓቱ ላይ «ተቀበል» የሚለው ሲነካ የሚከፈተው ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ነው። ታዲያ ምን ይሆናል? እናት «ሃሎ! ሃሎ!» ትላለች፤ የሚመልስላት የልጇ ትንፋሽና የጫማው ኮቴ ብቻ ነው። ካርዷም ይበላል፣ ልቧም ይደነግጣል። «ልጄን ማን እያሯሯጠው ነው?» ብላ ብትጮህ ይፈረድባታል?

ማይክ ቢኖረውስ? አገራችን ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ደጋ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ አንድ አራተኛ ያህል ያንሳል፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ዳገት እየወጡ ማውራት አንዱን ትንፋሽ ለሁለት መክፈል ነው፤ ወሬውም ሩጫውም አይሆንም። ከሁሉ የሚከፋው ግን የዓይን ነገር ነው። ዓይን ሰዓት ላይ ሲተከል ባጃጁን፣ አይሱዙውን፣ የገበያውን አህያ፣ የመንገዱን ጉድጓድ ማን ያይለታል? ጉም በወረደበት ጠዋት ደግሞ ሾፌሩም ሯጩን የሚያየው አጠገቡ ከደረሰ በኋላ ነው።

ሁለተኛ፣ መዝጋት። «ዘጋብኝ» የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ ከባድ ነው። ደዋዩ ሰውየው ሩጫ ላይ መሆኑን አያውቅም፤ የሚያውቀው መዘጋቱን ነው። አንዳንድ ሰዓቶች ጥሪውን ሲዘጉ የተዘጋጀ አጭር መልእክት ይልካሉ። የጋርሚን ሰዓቶች ይህን የሚያደርጉት ከአንድሮይድ ስልክ ጋር ሲገናኙ ነው፤ ከአይፎን ጋር ሲሆኑ አይልኩም። የሚልክ ሰዓት ያለው ሰው «ሩጫ ላይ ነኝ፣ ስጨርስ እደውላለሁ» የሚል ቀድሞ ይጻፍና ቤት ሆኖ ይሞክረው። ማንበብ ለማይችል ወላጅ ግን ይህ አይጠቅምም።

ሦስተኛው፣ ማሳለፍ ነው። የደዋዩን ስም በአንድ እይታ አይቶ ምንም ሳይነኩ መተው። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ያቆማል። ደዋዩም «አላነሣም» ይላል እንጂ «ዘጋብኝ» አይልም። እኔ የምመክረው ይህን ነው።

«ጥሪው የጭንቅ ቢሆንስ?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው። መፍትሔውም በእጃችን ያለ ነው። ሚስኮል አድርጎ «ደውልልኝ» ማለት ሁላችንም የለመድነው ቋንቋ ነው። አሁን አንድ ስምምነት እንጨምርበት፦ አንድ ጊዜ ከጠራ ይቆያል፤ ወዲያው ተከታትሎ ሁለተኛ ከጠራ አስቸኳይ ነው። ይህን ስልኮቹም ያውቁታል። በአይፎን ላይ «አትረብሹኝ» የሚለው ተከፍቶ እንኳ፣ ተደጋጋሚ ጥሪ ከተፈቀደ፣ ያው ሰው በሦስት ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛ ሲደውል ይጠራል። በብዙዎቹ አንድሮይድ ስልኮች ደግሞ ጊዜው 15 ደቂቃ ነው። ሰዓቱም አብሮ መንቀጥቀጡን አስቀድሞ ማረጋገጥ ነው።

ስለዚህ ሯጩ እንዲህ ያድርግ፦
1. ከመውጣቱ በፊት በየት በኩል እንደሚሮጥና ስንት ሰዓት እንደሚመለስ ለቤተሰቡ ይናገር። ይህ ብቻ ብዙ ጥሪ ያስቀራል።
2. መኪና ከፊቱ ሲመጣ እንዲያየው በግራ ጠርዝ ይሩጥ።
3. ሁለተኛው ጥሪ ሲመጣ ፍጥነቱን ይቀንስ፣ ከመንገዱ ይውጣ፣ ይቁም፤ ከዚያ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ያናግር።
4. ሩጫውን ሲጨርስ፣ ውሃ እንኳ ሳይጠጣ፣ ላመለጠው ጥሪ ይደውል።

ደዋዩም ድርሻ አለው። እማማ፣ ጋሼ፣ አደራችሁን፣ ቡና ፈልቷል ለማለት ሁለቴ አትደውሉ። ምልክቱ በከንቱ ከተደጋገመ፣ የእውነቱ ጭንቅ የመጣ ቀን ሰሚ ያጣል። ልጁ ሲያነሣም መጀመሪያ ትንፋሹን እስኪሰበስብ ጠብቁት።

ለውድድር የምታስቡ ወጣቶች ደግሞ አንድ ነገር እወቁ። የዓለም አትሌቲክስ የቴክኒክ ደንብ ቁጥር 6 በውድድር ክልል ውስጥ ሞባይል ስልክ መያዝንም መጠቀምንም ይከለክላል። የልብ ምትና ርቀት የሚለካ መሣሪያ የሚፈቅደው ከሌላ ሰው ጋር የማያገናኝ እስከሆነ ድረስ ነው። ጥፋቱ ማስጠንቀቂያ ያስከትላል፤ ከተደገመም ከውድድር ያስወጣል። በሰዓት ስልክ ማውራትን የለመደ እጅ ነገ በውድድር ቦታ እንዳያስቀጣችሁ ከአሁኑ ልማዱን አስተካክሉ።

በመጨረሻም የምለምነው አንድ ነገር ነው። ዛሬ ማታ ቡና ሲፈላ፣ በየቤታችሁ ሯጭ ያላችሁ ሁሉ በሁለቱ ጥሪ ነገር ተስማሙ፤ እዚያው ደውላችሁም ሞክሩት። ሰዓቱ ማን እንደጠራ ይናገራል፤ ማን ሊያስቆመን እንደሚገባ ግን ቀድመን መወሰን ያለብን እኛው ነን።