ልጄን ምን ነካብኝ? ከጉሮሮ ሕመም በኋላ ስለሚመጣ የልጆች ጭንቀት

ይህን ንግግር በወረቀት አግኝታችሁ ፊደል በፊደል እየለቀማችሁ የምታነቡ ሁሉ፣ አትቸኩሉ። ከበድ ያለ ቃል ሲያጋጥማችሁ ቆም በሉ፤ ድገሙት፤ ከዚያ እለፉ። የዛሬው ንግግራችን ስለ ልጆች ነው። ደብተርና እርሳስ አጠገባችሁ ይኑር። ለምን እንደሚያስፈልግ ኋላ እንነግራችኋለን።

እስቲ አንድ ቤት በሐሳባችሁ ሣሉ። በቤቱ የ8 ዓመት ልጅ አለ። ተጫዋች ነው። ትምህርቱን ይወዳል፤ የእጅ ጽሑፉም ያምራል። እናቱ ውሃ የምትቀዳው ከቦኖ ነው፤ በጀሪካን ተሸክማ ታመጣለች። በጥር ወር ልጁ ጉሮሮውን አመመው። ትኩሳት ያዘው። ምራቁን መዋጥ አቃተው። አያቱ «እንጥሉ ወርዶ ነው» አሉ። በአራተኛው ቀን ተሻለውና ተነሣ። ወጥቶ ተጫወተ። ሁሉም ነገሩን ረሳው።

ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ልጁ እጁን ታጠበ። ጨርሶ እንደገና ታጠበ። እንደገናም ታጠበ። እኩለ ቀን ሳይሆን ጀሪካኑ ባዶ ሆነ።

«እማዬ፣ እጄ ንጹሕ ነው?» አለ።

«ንጹሕ ነው፣ የኔ ጌታ።»

ዘወር ሳትል፣ «እማዬ፣ እጄ ንጹሕ ነው?» አለ። እስኪመሽ ድረስ ይህንኑ ጠየቀ። ማታ ልታጎርሰው ስትል አፉን ዘጋ። «መርዝ ይኖርበታል» አለ። ያለ እናቱ ሽንት ቤት አልሄድም አለ። ሌሊት መኝታውን አረጠበ። ይህን ነገር ከተወ 4 ዓመት አልፎታል። ዐይኑን ያርገበግባል። ትምህርት ቤት ሲሄድ ደግሞ አስተማሪው ደብተሩን አይተው ደነገጡ። ያ የሚያምር ፊደል ተጣሞና ተደራርቦ አይነበብም።

ጎረቤት መቼም ዝም አይልም። አንዱ «ጥጋብ ነው፣ በርበሬ አጥኑት» አለ። ሌላው «ቡዳ በልቶት ነው» አለ። አባት ቀበቶ አነሣ። ልጁ እየተገረፈ «እጄን ልታጠብ፣ እጄን ብቻ ልታጠብ» ይል ነበር። ይኼኔ እናትየው ቀበቶውን ያዘች። «ኧረ ይህስ ጥጋብ አይደለም» አለች።

እውነቷን ነው። ጥጋብ አይደለም። ሕመም ነው።

ሐኪሞች ይህን ሕመም ኦ.ሲ.ዲ. ይሉታል። ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ የማይፈልገው ሐሳብ ደጋግሞ ይመጣበታል። «እጅህ ተበክሏል» ይለዋል። «እናትህ ትሞታለች» ይለዋል። ልጁ ይፈራል። ፍርሃቱን ለማብረድ አንድ ነገር ደጋግሞ ያደርጋል፤ ይታጠባል፣ ይቆጥራል፣ ይጠይቃል። ሙስሊም ወገኖቻችን ውዱእን ደጋግሞ የሚያስደርገውን ወስዋስ ይሉታል። የክርስቲያኑም ልጅ «ኃጢአት ሠራሁ ወይ?» እያለ ሲያማትብ ሊውል ይችላል። ያሳመመው ሃይማኖቱ አይደለም። ሕመሙ በልጁ ልብ ውስጥ ያገኘውን ነገር ይዞ ነው የሚጨቀጭቀው።

ኦ.ሲ.ዲ. አብዛኛውን ጊዜ ቀስ ብሎ ይመጣል። በጥቂት ልጆች ላይ ግን በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ይወድቃል። ወደ ኋላ ሄደን ስንጠይቅ፣ ልጁ ቀደም ሲል ጉሮሮውን አሞት እንደነበረ እንሰማለን።

ጉሮሮና ሐሳብ ምን አገናኛቸው? በጨለማ ሌሊት ግቢ የሚጠብቅ ዘበኛ አስቡ። ጅብ ገባ። ዘበኛው ተኮሰ። ነገር ግን የጅቡና የቤቱ ውሻ መልክ በጨለማ ስለሚመሳሰል፣ ጥይቱ ውሻውንም መታው። በሰውነታችንም እንዲህ ያለ ዘበኛ አለ። ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ጉሮሮ ውስጥ ሲገባ፣ ሰውነታችን የሚዋጋበትን መሣሪያ ይሠራል። የዚህ ባክቴሪያ አንዳንዱ ክፍል የራሳችንን አካል ይመስላል። ስለዚህ መሣሪያው አንዳንድ ጊዜ ተሳስቶ ልብን ይመታል፤ አንዳንድ ጊዜ መገጣጠሚያን፤ አንዳንድ ጊዜም አንጎልን።

አንጎልን ሲመታ የሚታየው አንዱ ሕመም ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ቶማስ ሲደናም የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1686 ጽፎታል። ዓመቶቹን የምንነግራችሁ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በዚህ ሕመም የልጁ እጅና እግር ሳያዘው ይወራጫል። ፊቱ ይጨማደዳል። ብርጭቆ ከእጁ ይወድቃል። ሲተኛ ይተወዋል። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ከመወራጨቱ ጋር የሚያስጨንቅ ሐሳብም አለባቸው። ይህን ያስተዋሉ የአሜሪካ ሐኪሞች፣ ሱዛን ስዊዶ የሚባሉት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው፣ በ1998 የ50 ልጆችን ሁኔታ ጻፉ። ልጆቹ እንደዚያ አይወራጩም። ነገር ግን ከጉሮሮ ሕመም በኋላ ድንገት ኦ.ሲ.ዲ. ወይም የዐይንና የፊት መርገብገብ ይዟቸዋል። ሕመሙን ፓንዳስ አሉት። በ2012 ደግሞ ስሙ ሰፋ። ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል ተብሎ ፓንስ ተባለ።

እዚህ ላይ እውነቱን እንንገራችሁ። ሐኪሞች በዚህ ነገር ሁሉ አልተስማሙም። ስንት ልጅ በዚህ መንገድ እንደሚታመም ይከራከራሉ። ይህ ነው ብሎ የሚለይ አንድ የደም ምርመራ የለም። መድኃኒቱን ለስንት ጊዜ መስጠት እንደሚገባም ይከራከራሉ። የማይከራከሩበት ነገር ግን አለ። ጉሮሮው በዚህ ባክቴሪያ የታመመ ልጅ መታከም አለበት። ድንገት ጠባዩ የተለወጠ ልጅም መመርመር አለበት።

በአገራችን ይህ ከባድ ነገር ነው። ያው የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ሲደጋገም የልብን በር ያበላሻል። ገና በልጅነታቸው ደረጃ መውጣት ያቃታቸው፣ ትንፋሽ ያጠራቸው ስንት ልጆች አሉ! ስለዚህ ልጃችሁን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ሁለት ነገር እንዲታይላችሁ ጠይቁ፤ ጉሮሮውንም ልቡንም። የሚወራጭ ከሆነ ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ ውሰዱት።

ጉሮሮ ሁሉ በዚህ ባክቴሪያ አይታመምም። አብዛኛው ጉንፋን ነው፤ በራሱ ይድናል። ትኩሳት ካለ፣ መዋጥ ካቃተ፣ ከአንገት ሥር እብጠት ከወጣ፣ ሳልና ንፍጥ ግን ከሌለ፣ ያ ያጠራጥራል። የሚለየው ምርመራ ነው። ስለዚህ ከሱቅ ክኒን ገዝታችሁ አትስጡ። ሐኪሙ ፔኒሲሊን ወይም አሞክሳሲሊን ሊያዝ ይችላል። በአፍ የሚወሰደው 10 ቀን ነው። በሦስተኛው ቀን «ዳነ» ብላችሁ አታቁሙ። ከዚህ ቀደም መድኃኒቱ ሰውነቱን አሳብጦት ወይም ትንፋሹን አሳጥሮት እንደሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ልቡ የተነካ ወይም የሚወራጭ ልጅ ግን በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ መርፌ ይወጋል፤ ለብዙ ዓመት።

እንጥል ማስቆረጥንስ? ተዉት። ባክቴሪያው እንጥል ላይ ተንጠልጥሎ አይደለም ያለው። ምላጩ ደም ያፈሳል፤ ሌላ በሽታም ያመጣል። ጠበል የምትሄዱ ሂዱ። ዱዓ የምታስደርጉም አስደርጉ። መድኃኒቱን ግን አታቋርጡ፤ ልጁንም በገመድ አትጠፍሩት።

አሁን ወደ ደብተሩ እንምጣ። ሐኪሙ «ልጁ ጉሮሮውን አሞት ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ ብዙ ወላጅ «የለም» ይላል። ዋሽቶ አይደለም። ረስቶት ነው። ጉሮሮው ከዳነ ሳምንታት አልፈዋል። መወራጨቱማ ከወራት በኋላም ሊመጣ ይችላል። የማያነብ ሰው ይህን ሁሉ በልቡ ይዞ መቆየት ነበረበት። እናንተ ግን አሁን ትጽፋላችሁ። «ጥር 6፣ ጉሮሮ፣ ትኩሳት።» «ጥር 21፣ መታጠብ ጀመረ።» ሁለት መስመር ናት። ፊደሉ ቢጣመም ግድ የለም። ሐኪሙ ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን ሲያይ ነገሩ ይገባዋል። የልጁን የትምህርት ደብተርም ይዛችሁ ሂዱ። ከሕመሙ በፊት የጻፈውንና ከሕመሙ በኋላ የጻፈውን አሳዩ። እጁ እንዴት እንደተለወጠ ከእናንተ ይልቅ ደብተሩ ይናገራል።

ሐኪም ዘንድ የምትቆዩት ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። የቀረው ቀንና ሌሊት የእናንተ ነው። ቤት ውስጥ ምን ይደረግ?

ዱላና በርበሬ አይሠራም። ልጁ መታጠቡን ከእናንተ የበለጠ ጠልቶታል። እጁ ተሰነጣጥቋል፤ ያመዋል። ያም ሆኖ ማቆም አይችልም። ከዚህ በፊት መትታችሁት ከሆነ፣ ስላላወቃችሁ ነው። አጠገባችሁ አስቀምጡትና «አላወቅሁም ነበር፣ ልጄ፤ ሕመም ነው፤ ይቅር በለኝ» በሉት። ወላጅ ልጁን ይቅርታ ቢጠይቅ ክብሩ አይቀንስም።

ጥያቄው ግን አስቸጋሪ ነው። «እጄ ንጹሕ ነው?» ሲል «ንጹሕ ነው» ማለት ደግነት ይመስላል። መልሱ ልጁን ለአንድ ደቂቃ ያሳርፈዋል። ከዚያ ጥያቄው በርትቶ ይመለሳል። እሳት ላይ ማገዶ መጨመር ማለት ነው። ስለዚህ ልጁ ረጋ ባለበት ሰዓት ተነጋገሩ። ለሕመሙ ስም አውጡለት። «ጨቅጫቂው» በሉት። ከዚያ ልጁ ሲጠይቅ እንዲህ በሉት፦ «ይህን የሚጠይቀኝ ጨቅጫቂው ነው። ለሱ አንድ ጊዜ መልሻለሁ፤ አልደግምም። አንተ ግን ና፣ አብረን ሽንኩርት እንላጥ።» ልጁ ያለቅስ ይሆናል። ይጮኽም ይሆናል። ከአጠገቡ አትራቁ። ቡና በጀበና ሲፈላ ይገነፍላል፤ ማገዶው ሲወጣለት ይረጋል። ፍርሃትም እንዲሁ ነው። ካልቀለቡት ጫፍ ደርሶ ይወርዳል። ልጁ ይህን በራሱ ሲያየው ነው የሚድነው።

ውሃውንም እንዲሁ ቀስ በቀስ ቀንሱት። በጣሳ ስፈሩለት። በቀን 10 ጣሳ ይጨርስ ከነበረ፣ ተስማምታችሁ 8 ይሁን። 8ቱን ሲለምድ 6 ይሁን። በአንድ ቀን ሁሉን ከከለከላችሁት ይሸበራል። ሕመሙ በበረታበት ሰሞን ብዙ አትጠይቁት፤ ቀለል ሲለው ጠበቅ አድርጉ። የቤቱ ሰው ሁሉ አንድ ቃል ይሁን። እናት «በቃ» ብላ፣ አያት በጓዳ በር «ና የኔ ልጅ፣ ታጠብ» ካሉት ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። አያቶችን መቼም ማሳመን ቀላል አይደለም፤ ይህን ንግግር አንብቡላቸው።

ይህ አካሄድ ሐኪሞችም የሚያሠለጥኑበት ሕክምና ነው። በቤት ብቻ ካልተቻለ የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ እንደ አማኑኤል ሆስፒታል ያለ ቦታ አለ፤ ከሩቅ ያላችሁ ደግሞ ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል እንዲልካችሁ ጠይቁ። ለጭንቀቱ የሚታዘዝ ክኒንም አለ። ክኒኑ ሳምንታት ካልቆየ አይታወቅም። በሳምንቱ «አልረዳውም» ብላችሁ አትጣሉት። ምግብና ውሃ እንቢ ካለ፣ ወይም «መሞት እፈልጋለሁ» ካለ ግን ያን ዕለት ውሰዱት።

ለአስተማሪውም ንገሩ። «ጽሑፉ የተበላሸው በሕመም ነው፤ በቃል ይጠየቅልን» በሉ። የሌሎቹን ልጆች ጉሮሮ ደግሞ እዩ። አንድ መኝታ ላይ የሚተኙ ልጆች አንዱ ካንዱ ይይዛል። እናትና አባትም በፈረቃ ዕረፉ። ሌሊቱን ሙሉ ስትጠየቅ ያደረች እናት ጠዋት ብትቆጣ አይፈረድባትም። አንድ ሰዓት ብትተኛ ግን ትዕግሥቷ ይመለሳል።

ብዙ ልጆች ይሻላቸዋል። ከዚያ ሌላ የጉሮሮ ሕመም ሲመጣ ጭንቀቱ ሊመለስ ይችላል። ሲመለስ «እንደ ገና ተጀመረ፣ አለቀልን» ብላችሁ አትደንግጡ። ባለፈው ስንት ሳምንት እንደቆየ፣ ምን እንደረዳው ደብተሩ ላይ አለ።

በሉ እንግዲህ እርሳሱን አንሡ። በገጹ አናት ላይ የልጁን ስም ጻፉ። ከሥሩ ገጹን በመስመር ለሦስት ክፈሉ። በመጀመሪያው ቀኑን፣ በሁለተኛው የጉሮሮውን ነገር፣ በሦስተኛው የጠባዩን ነገር ትጽፋላችሁ። ልጁ ዛሬ ደኅና ከሆነም «ደኅና ነው» ብላችሁ ጻፉ። ደብተሩን ከፋኖሱ ጥግ፣ ልጆች ከማይደርሱበት አስቀምጡት።