የቲማቲም ዘር ልውውጥ በትየርኪዲ

አንደኛ አቅራቢ፦ በ2006 ዓ.ም. በጋምቤላ ለደቡብ ሱዳን ስደተኞች እንደተከፈተው የትየርኪዲ መጠለያ ባለ ቆላማ ስፍራ፣ ጎረቤት ለጎረቤት የሚሰጠው የቲማቲም ዘር ተመሳሳይ ተክል የሚያስገኘው፣ የቲማቲም አበባ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ስለሚያራባ ነው።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ዲቃላ፣ ማለትም ከሁለት የተለያዩ ወላጆች ተዳቅሎ የሚሸጠው ዘር፣ ግን ከዚህ ውጭ ነው፤ ከፍሬው የተለቀመ ዘር ዝንቅ ተክል ይሰጣል። የመልካሳ ምርምር ማዕከል ያወጣቸው፣ ዲቃላ ያልሆኑት የቲማቲም ዝርያዎች መልካሾላና መልካሳልሳ ለልውውጥ ይሻላሉ።

አንደኛ አቅራቢ፦ ሙቀቱስ?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ዋናው ፈተና እርሱ ነው፤ ሌሊቱም ሲሞቅ አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ስለሚረግፍ፣ ለዘር የሚመረጠው በሙቀቱ ወራት ካፈራ ተክል የተገኘ፣ በደንብ የበሰለ ፍሬ ሲሆን፣ ዘሩን የሸፈነው ዝልግልግ ልባስ እንዲለቅ ከጭማቂው ጋር ሁለት ሦስት ቀን ተብላልቶ፣ ታጥቦ በጥላ ይደርቃል።

አንደኛ አቅራቢ፦ ከታመመ ተክል የተወሰደ ዘር በሽታውን ይዞ ሊሄድ ስለሚችል፣ አድማጮች ለጎረቤት ባይሰጡት ይመረጣል።