የአያቶቻችንን ስም በየወራቱ እንልቀም
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በተማሪዎች የተነበበ ንግግር)



ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን ቀን በምናከብርበት በዛሬው ዕለት ስለ ቤተ ሰብ ታሪክ ጥቂት ቃል ለመናገር ተነሥተናል። ትምህርት ቤት ዕድሜውን ከመዝገብ ያገኛል። የአያቶቻችን ዕድሜና ትውልድ ግን የተጻፈው በልባቸው ውስጥ ስለ ሆነ፣ እነርሱ ሲያልፉ መዝገቡም አብሮ ይቀበራል።

ቀድሞ በበጌምድርም ሆነ በጎጃም ትውልድ መቍጠር የጨዋታ ነገር አልነበረም። ርስት የሚገኘው አገሩን ካቀኑት አባት መወለድን በማስረዳት ነበር። ቆጠራውም በአባት ብቻ ሳይሆን በእናትም በኩል ይሄድ ስለ ነበረ የሴት አያቶች ስም አይረሳም ነበር። በሽማግሌ ፊት ቆሞ መቍጠር ያቃተው ሰው መሬቱን ሊያጣ ይችል ነበር። በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን የርስት ክርክር ቀረ። በርስት ሥርዓት መሬት የማይሰጣቸው ሸማኔዎችና ቀጥቃጮች ሳይቀሩ የመሬት መብት ያገኙበት ስለ ሆነ፣ የርስት ሙግት እንዲመለስ የሚመኝ ከመካከላችን የለም። ነገር ግን ሙግቱ ሲቀር ቆጠራውም አብሮ ሊጠፋ ነው። ዛሬ ከመካከላችን ቅድመ አያቱን አልፎ ቅም አያቱንና ምንጅላቱን በስም የሚጠራ ስንት ነው? አባቶቻችን ለመሬት የቈጠሩትን እኛ ለዕውቀትና ለፍቅር ብንቈጥረው ምን ይከብደናል?

ሥራው ደስ የሚያሰኝ እንዲሆን በየወራቱ ከፋፍለነዋል።

በክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ዝናቡ ሁሉንም እሳት ዳር ይሰበስባል። ይህ ጊዜ የመጠየቅ ጊዜ ነው። ነሐሴ 13 ቀን ስሙ ከከተማችን ስም ጋር አንድ የሆነው የደብረ ታቦር በዓል፣ ቡሄ፣ ይከበራል። ሙልሙል ስንቀበል የክርስትና አባትና እናታችን እነማን እንደ ሆኑ፣ ከቤታችን ጋር በምን እንደ ተዛመዱ እንጠይቅ።

በመስከረም ለዘመን መለወጫና ለመስቀል ከሩቅ ያሉ ዘመዶች ይመጣሉ። በክረምት የለቀምነውን የትውልድ ሐረግ በሰፊ ወረቀት ላይ ሥለን ግድግዳ ላይ ብንሰቅለው፣ አንዱ አጎት ሲያርም ሌላዋ አክስት ስትጨምር ሥራው በሳቅ ይሞላል። ዐዲስ አበባ ወይም ዐረብ አገር ያሉትንም በስልክ መጠየቅ ይቻላል።

በመኸር ጊዜ ለደቦ ስንወጣ የማሳውን፣ የጅረቱንና የጐጡን ስም እንመዝግብ። ብዙው ቦታ በሰው ስም ይጠራልና፣ ያ ሰው ማን ነበረ ብሎ መጠየቅ ነው።

በጥር ሠርግ ይበዛል። ሽማግሌዎች ሙሽራውና ሙሽራይቱ እስከ ሰባት ቤት ዝምድና እንደሌላቸው ሲያጣሩ አጠገባቸው ተቀምጦ ማዳመጥ እንደ አንድ ትምህርት ይቈጠራል። በበጋ ደግሞ ጕማራ ወንዝ አጠገብ ወዳለው ወደ ዋንዛዬ ፍል ውኃ ለመታጠብ አረጋውያን ከየአገሩ ይመጣሉ። ጨዋታ የሚወድ ሰው ውኃው ዳር ካሉት ብዙ ያተርፋል።

አሁን ወደ ዘመን አቈጣጠር እንለፍ። «እማማ፣ ስንት ዓመትዎ ነው?» ብሎ መጠየቅ ፍሬ የለውም። «ሲወለዱ በአገሩ ምን ሆኖ ነበር?» ማለት ይሻላል። የሴባስቶፖል መድፍ ከዚህ አገር ወደ መቅደላ የተጎተተው በ1860 ዓ.ም. ነው። ክፉ ቀን የሚባለው ረኃብ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ነው። ራስ ጕግሣ ወሌ የወደቁበት የአንቺም ጦርነት መጋቢት 1922 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን ደብረ ታቦርን የለቀቀው በ1933 ዓ.ም. ነው።

ወንጌላዊውም ይረዳናል። ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ሲካፈል ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ነው። አንዲት አሮጊት እንዲህ ሲሉ ነግረውናል፦ «ጣሊያን ሲወጣ ታላቅ ወንድሜ ጡት ይጠባ ነበር። እኔ ከርሱ ቀጥዬ በዘመነ ሉቃስ ተወለድሁ።» ከ1933 ዓ.ም. ቀጥሎ ያለው ዘመነ ሉቃስ 1935 ዓ.ም. ነው። በመታወቂያቸው ላይ የተጻፈው ዕድሜ ግን ከዚህ ዐሥር ዓመት ያህል ያንሳል። ይህን ስናሰላላቸው፣ «እንኪያስ እኔም የልደት ቀን አለኝ!» ብለው ሣቁ።

ሦስት ነገር እናስጠንቅቅ። አንደኛ፣ ወረቀትና እርሳስ ይዞ የቀረበን ሰው አንዳንድ ሽማግሌ ግብር አስከፋይ ይመስለዋል። ስለዚህ አስቀድመን ጕዳያችንን እንናገር፤ የእጅ ስልክ ድምፅ መቅጃም ያለ ፈቃድ አይከፈት። ሁለተኛ፣ የክርስትና ስምንና የዓለም ስምን ሁለቱንም እንጻፍ፤ በቤተ ክርስቲያን የሚታወቀው ሰው በመንደር በሌላ ስም ይጠራ ይሆናልና። ሦስተኛ፣ ደም የተፋሰሱ ወገኖች፣ ከቤት ተገፍተው የወጡ፣ በባርነት የኖሩም በታሪካችን ይገኛሉ። መልካሙን ብቻ መርጠን ከጻፍን ታሪክ አልጻፍንም። ያመመውን ነገር ግን ባለቤቱ ካልፈቀደ በአደባባይ አናንብበው።

ጓደኞቻችን ሆይ! በዚህ ሥራ ከማንም እበልጣለሁ ለማለት አንነሣም። በእናትም በአባትም እየቈጠረ ወደ ላይ የወጣ ሰው በመጨረሻ የሚያገኘው ባዕድ ያለው ጎረቤቱን ዘመዱ ሆኖ ነው። በዚህ ዘመን፣ ወንድም ከወንድሙ በተለያየበት አገር፣ ይህ ዕውቀት ከርስት ይበልጣል።

እያንዳንዳችን በሚመጣው ክረምት አንድ ደብተር፣ አንድ አያት እንያዝ። ደብተሮቹ ከዓመት ዓመት በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ቢጠራቀሙ፣ ከእኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች የዚህን አገር ታሪክ ከአያቶቻቸው አፍ ያነባሉ።