ሆድ ይፍጀው ያልነው ነገር
አፉላ ውስጥ ለአባቶችና ለወጣት ወንዶች ከተደረገ ንግግር

እዚሁ አገር ተወልጄ ያደግሁ ስለሆንኩ አማርኛዬ ቢጎረብጣችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ።

አባቴ የመጣው በ1991 እ.ኤ.አ. በዘመቻ ሰለሞን ነው። በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው እስራኤል ገባ። ጎንደር እያለ ማረሻውን ራሱ ቀጥቅጦ፣ እርሻውን አርሶ ቤቱን ያስተዳድር ነበር። ሰው ሲጣላም ለሽምግልና ይጠሩታል። እዚህ ግን ደብዳቤውን የማነብለት እኔ ሆንኩ። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ ቢሮ አብሬው ሄድኩ። ጸሐፊዋ እሱን ትታ እኔን እያየች «ለአባትህ እንዲህ በለው» አለችኝ። ያን ቀን እራት አልበላም። እናቴ «ምን ሆንክ?» ስትለው «ምንም፤ ሆዴን ትንሽ አመመኝ» አለ።

ዛሬ ረቫሃ ውስጥ የምሠራው እኔ ነኝ። እናቶች ይመጣሉ። ወንዶቹ የሚመጡት መጠጡ ከበዛ ወይም ፖሊስ ከገባበት በኋላ ነው። ኩፓት ሆሊም ግን ይሄዳሉ፤ ወገቤን፣ ራሴን፣ ሆዴን ይላሉ። ይመረመራሉ፣ ብዙ ጊዜ ምንም አይገኝም።

እኔም ጥፋት አለብኝ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ አባት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ሳላስበው ልጁን እያየሁ በዕብራይስጥ ጠየቅሁት። አማርኛ እያወቅሁ! አባትየው አንገታቸውን ደፉ። ያንን አንገት አውቀዋለሁ።

ወንድ ልጅ አያለቅስም፣ ባህላችን ነው የሚሉኝ አሉ። እንዴት ነው ነገሩ? አገር ቤት ለቅሶ ላይ ወንዱ ደረቱን እየደቃ በሰው ፊት ያነባ የለም እንዴ? ከሚስቱ ሲጋጭስ ሽማግሌ ፊት ተቀምጦ የውስጡን ይናገር አልነበረም? ሴታሴት ብሎ የሰደበው የለም። ለወንድ የማልቀሻም የመናገሪያም ቦታ ነበረው። እዚህ ጊቫት ሃሞሬ ላይ ፎቅ በፎቅ ላይ ተደራርበን እየኖርን ሁሉም በሩን ዘግቶ ብቻውን ይቀመጣል።

ወጣቶቹስ? ከሠራዊት ስትመለሱ ማንም ቢጠይቃችሁ «ሃኮል በሴደር» ነው መልሳችሁ። የአባቶቻችን «ሆድ ይፍጀው» እኮ ነው፣ በዕብራይስጥ።

ቢሮ መምጣት ከከበዳችሁ እኔ ቤታችሁ እመጣለሁ፤ ቡና ካለ ደግሞ ቶሎ እመጣለሁ። ለማስተርጎም ልጅ አታምጡ፣ በአማርኛ እናወራለን። ሌሊት ለሚጨንቀው ሰው የዔራን ስልክ 1201 ነው፤ ስም መናገር አያስፈልግም።