የሕንፃ ሕግና የአቃቂ መሬት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በተማሪዎች የሳይንስ ክበብ የተሰማ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ሲሚንቶና ስለ ፌሮ እንናገራለን ብንል «ምነው ሌላ ነገር ጠፋ?» ትሉን ይሆናል። ነገር ግን ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ የሆነውን አንረሳውም። በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ እዚህ ድረስ አልጋችንን ነቀነቀው። በኮንዶሚኒየም የምንኖረው በጨለማ ደረጃውን ወርደን፥ ታናናሾቻችንን አቅፈን ከደጅ ቆምን። ወላጆቻችንም ወደ ሕንፃው ቀና ብለው እያዩ «ይህ ቤት እንዴት ተሠርቶ ይሆን?» ሲሉ ሰማን። ንግግራችን ለዚህ ጥያቄ የምንችለውን ያህል መልስ ለመስጠት ነው።

የአገራችን መሬት መንቀጥቀጡ አዲስ ወሬ አይደለም። በነሐሴ 1898 ዓ.ም. በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የተነሣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን አናውጧል። በ1953 ዓ.ም. ደግሞ በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው የማጀቴን ከተማ አፈራርሷል። የዚህም ምክንያት የስምጥ ሸለቆው ግራና ቀኝ ቀስ በቀስ እየተራራቀ መሄዱ ነው። አቃቂ ቃሊቲም ከሸለቆው ጠርዝ ሩቅ አይደለችም።

ስለዚህ አገራችን የሕንፃ አሠራር ደንብ አወጣች። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1995 የወጣው ደንብ አገሪቱን እንደ መንቀጥቀጡ ኀይል በቀጠና ከፍሎ፥ አዲስ አበባን በሁለተኛው ቀጠና መደባት። በ2015 ግን ደንቡ ታድሶ ከተማችን ወደ ሦስተኛው ቀጠና ከፍ አለች። መሐንዲሱ የሚያሰላው የመሬት ፍጥንጥነትም ከመሬት ስበት ከመቶ 5 ወደ ከመቶ 10 ዐደገ። ይህ የሆነው አሮጌው ደንብ በ100 ዓመት አንድ ጊዜ የሚጠበቀውን መንቀጥቀጥ ሲያስብ፥ አዲሱ በ475 ዓመት አንድ ጊዜ የሚጠበቀውን ብርቱውን ስለሚያስብ ነው።

አዲሱ ደንብ መሠረቱ የአውሮፓ ደንብ ነው። ይሁን እንጂ የተገዛ ኮት በልክ ካልተስተካከለ ለባሹን አያሳምርም። የአውሮፓ መሐንዲስ ክረምቱን ሙሉ በጣራ ላይ የሚከማቸውን በረዶ ያሰላል፤ የአቃቂ ጣራ ግን ይህ ጭንቀት የለበትም። ስለዚህ ራሱ የአውሮፓ ደንብ እያንዳንዱ አገር እንደ መሬቱና እንደ አየሩ የሚወስነውን ቁጥር በአባሪ እንዲጨምር ቦታ ትቷል። የመንቀጥቀጡ ቀጠና ካርታም ከዚሁ ወገን ነው።

ከዚህም ጋር በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በ«ሀ»፥ በ«ለ» እና በ«ሐ» ምድብ ከፍሎ፥ ከሕንፃ ሹም ፈቃድ ሳይገኝ ሥራ እንዳይጀመር አዝዞ ነበር። ሕዝብ የሚሰበሰብባቸው ቤቶች ጥብቅ በሆነው በምድብ «ሐ» ገብተው ነበር።

እንግዲህ ሕግ አለ። ቁም ነገሩ ግን ሕጉ ጉድጓዱ ውስጥ መድረሱ ነው። በሠፈራችን የሚሠሩ አንድ አረጋዊ ግንበኛን «ጋሼ፥ ቤት የሚሰነጠቀው ለምንድን ነው?» ብለን ጠይቀናቸው ነበር። «ልጆቼ፥» አሉን፤ «የእኛ አገር መሬት መረሬ ነው። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፥ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ቤቱን ከላዩ ካስቀመጥከው አብሮት ይነሣል፥ አብሮት ይወርዳል። መረሬው እስኪያልቅ ቆፍር፥ የማያብጥ አፈር ሙላበት ስል ባለቤቱ ‹ገንዘቤን መሬት ቀበርከው› ይለኛል። ስታፋውን አቀራርበን እንሰር ስልም ‹ፌሮ አበዛህብኝ› ይለኛል።»

ወላጆቻችን ሆይ፥ ይህን ሰምተን ዝም ማለት አልቻልንም። ስታፋ ማለት የዓምዱን ፌሮዎች እንደ ቀበቶ የሚያስር ነው። በዓምዱ ራስና ግርጌ ካልተቀራረበ፥ መሬት ሲነቃነቅ ዓምዱ እዚያው ላይ ይፈነዳል። በስታፋና በቁፋሮ የተቆጠበው ገንዘብ በልጆች ነፍስ የተቆጠበ ነው። «አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ» የተባለው ለእርሻ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንለምናለን። አንደኛ፥ በግቢያችሁ ክፍል ስትጨምሩ ወይም ፎቅ ስትቀጥሉ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ ባለሙያም አማክሩ። ሁለተኛ፥ ሱቅ ለማስፋት ብላችሁ የሕንፃን ዓምድ ወይም ግድግዳ ያለ መሐንዲስ አትንኩ። ሦስተኛ፥ የጣራውን ውሃ ከመሠረቱ በቦይ አርቁ፤ መረሬን የሚያስቆጣው ውሃ ነውና።

እናንተ ጓደኞቻችን ደግሞ፥ ነገ መሐንዲስ፥ ግንበኛ ወይም የሕንፃ ሹም የምትሆኑ ናችሁ። ደንቡን የምታነቡት ለፈተና ብቻ አይሁን። በዚያች የታኅሣሥ ሌሊት ከደጅ ቆመን የጠየቅነውን ጥያቄ አስቡ። ሌላ ትውልድ በጨለማ ደረጃ ሲወርድ «ይህ ቤት እንዴት ተሠርቶ ይሆን?» ሳይሆን «ይህን ቤት እነ እገሌ በሚገባ ሠርተውታል» እንዲል፥ ዛሬ እንማር።