እህል እያለ ስለሚመነምን ሕመምተኛ



የፎገራ ሜዳ ሩዝ የሚታጨድበት፣ ወተታሟ የፎገራ ላም የምትረባበት፣ ከጣና ዓሣ የሚወጣበት ምድር ነው። እንዲህ ባለ አገር ምግብ ቀርቦለት ሳለ ከቀን ወደ ቀን እየመነመነ የሚሄድ ሰው ቤተ ሰቡን ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ በወረታና በዙሪያዋ የምታስታምሙ ታውቁታላችሁ። በሕክምና ቋንቋ ይህ ካኬክሲያ ይባላል፤ ከግሪክ የተወሰደው ቃል «ክፉ ሁኔታ» እንደ ማለት ነው። ባላገሩ ግን «ሥጋው አለቀ» ይላል። የጡንቻን መሟጠጥ ስለሚያመለክት፣ በእኔ አስተያየት የባላገሩ አነጋገር ይሻላል።

ከሁሉ አስቀድሞ ይህንን ከረኀብ መለየት ያስፈልጋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንደ ሆነው ጎርፍ ሜዳውን ሲያጥለቀልቅ፣ እህል አጥቶ የከሳ ሰው እህል ሲያገኝ ሥጋው ይመለሳል። ካኬክሲያ የያዘው ግን ምግብ ብቻውን አይመልሰውም። ከብት አርቢው ይህን ከእኛ ቀድሞ ያውቀዋል፤ ገንዲ የያዘው በሬ ሣር ፊቱ ሞልቶ ይከሳል። አሜሪካዊው ተመራማሪ አንቶኒ ሴራሚ እንዲህ ያለው የከብት መክሳት ባነሣሣው ጥናት፣ ከባልደረቦቹ ጋር «ካኬክቲን» ያሉትን ንጥረ ነገር አገኘ፤ ይኸውም ቲውመር ኔክሮሲስ ፋክተር ከሚባለው ጋር አንድ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1985 ታወቀ። በሽታው የሚያስነሣው ብግነት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ ጡንቻንም ያፈርሳል።

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት በ6 ወር ውስጥ ከክብደት ከ5 በመቶ በላይ መቀነስን እንደ ምልክት ይወስዳል፤ 60 ኪሎ ለነበረ ሰው 3 ኪሎ መሆኑ ነው። ሚዛን በሌለበት ቤት የላላ ቀለበትና የጠበበ መቀነት ይናገራሉ። ሆኖም ስሙን ለመስጠት አንቸኩል። አፉ በፈንገስ የቆሰለ፣ ሕመሙ ያልታገሠለት፣ ሞርፊን ያለ ማስለስለሻ ታዞለት ሆዱ የደረቀ፣ ሳንባ ነቀርሳ ያልተመረመረለት፣ ወይም በኀዘን የተዋጠ ሰውም አይበላም፤ እነዚህ ሁሉ መድኃኒት አላቸው።

ከባዱ ሥራ ከአልጋው አጠገብ ካሉት ጋር ነው። በእኛ አገር ፍቅር በጉርሻ ይገለጣል፤ ስለዚህ ሕመምተኛው አፉን ሲዘጋ ልጂቱ የተጠላች ይመስላታል። «አባትሽ የሚደክሙት ስላልበሉ አይደለም፤ በሽታው ነው እህሉን የከለከላቸው» ብሎ በግልጥ መንገር ከብዙ ማዘዣ ይበልጣል። ይህ ካልተነገረ «ግሉኮስ ይሰቀልለት» ተብሎ በሬ ይሸጣል። ባለ 5 በመቶ የሆነው አንድ ሊትር ግሉኮስ የሚይዘው 50 ግራም ስኳር ብቻ ነው፤ ከጥቂት ብርጭቆ ጣፋጭ ሻይ አይበልጥም። መጨረሻው በቀረበ ሰው ላይ ደግሞ እግርን ያሳብጣል፣ ትንፋሽን ያስቸግራል። በሬው ለሚቀሩት ልጆች ማረሻ ነው።

ምግቡ በትንሽ በትንሹ፣ ሕመምተኛው በፈለገው ሰዓት ይቅረብ፤ እርጎ፣ እንቁላል፣ አጥንቱ የወጣለት ዓሣ፣ ለስለስ ያለ አጥሚት። በጾም ወራት ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ትፈቅዳለች፤ ብዙዎች ግን ከሐኪም ይልቅ ከንስሐ አባታቸው አፍ ሲሰሙት ይቀበሉታልና እሳቸውን ማስጠራት ከሕክምናው ይቆጠር። መጾምን ለመረጠም ዘይት የገባበት አጥሚትና የሱፍ ፍትፍት አለ።

ስለ መድኃኒት የምለው አጭር ነው። ዴክሳሜታዞን ለጥቂት ሳምንታት ፍላጎትን ይቀሰቅሳል፣ ጡንቻን ግን አይመልስም፤ ሲቆይም ያፈርሰዋል፣ ስኳርን ከፍ ያደርጋል፣ የተደበቀ ሳንባ ነቀርሳንም ሊቀሰቅስ ይችላል። ኦላንዛፒን በቀን 2.5 ሚሊግራም ለ12 ሳምንት ተሰጥቶ የምግብ ፍላጎትንና ክብደትን እንደ ጨመረ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ የህንድ ጥናት አሳይቷል። ተጠኚዎቹ ግን የካንሰር መድኃኒት የጀመሩ ነበሩ፤ ወደ እኛ ዘግይተው ከሚመጡት ጋር ልናስተካክላቸው አይገባም።

የመጨረሻዎቹ ቀናት ሲደርሱ ክብደት መለካት ይቁም። ለልጂቱም በጉርሻው ፈንታ ሌላ ሥራ እንስጣት፤ ንጹሕ ጨርቅ በውኃ አርሳ የአባቷን ከንፈር ታርጥብ፣ እግራቸውንም በቅባት ትሽ።