ምልክቱ ከሰውየው ቀድሞ ይናገር

(በሠፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወጥቷል።)



ይህ ጉዳይ በአጀንዳው በመጨረሻ ተራ የተጻፈ ቢሆንም ከሁሉም አስቀድመን ልናነሣው ወደናል። ይኸውም ከወፍጮ ቤቱ በታች ባለው ቁልቁለት የውሃ ቧንቧ ለመቅበር መንገዱ ሲቆፈር፣ ቀይ ባንዲራ ይዞ መኪና ሲያስተናብር በነበረው ወጣት ላይ የደረሰው አደጋ ነው። ሕይወቱ ተርፏል፤ እግሩ ግን ተሰብሮ እስከ ዛሬ በጄሶ ታስሯል።

ብዙዎቻችን «ሾፌሩ ሲበር መጥቶ ነው» ስንል ሰንብተናል። ነገሩ ግን ይህ ብቻ አይደለም። ከመታጠፊያው በላይ ባንዲራ የያዘ ሰው ሥዕል ያለበት የማስጠንቀቂያ ምልክት ቆሞ ነበር። እሱን ያነሣነው እኛው ነን። ለእድራችን ድንኳን ቦታ ስንፈልግ ከግንቡ ጋር አስደገፍነው። ለቅሶው አለፈ፣ ድንኳኑም ተነቀለ፤ ምልክቱን ግን ወደ ቦታው የመለሰ ሰው አልነበረም። በአራተኛው ቀን አንድ ገልባጭ መኪና አሸዋ ጭኖ ሲወርድ ሾፌሩ ልጁን ያየው መታጠፊያውን ከዞረ በኋላ ነው። ልጁም ነፍሱን ለማዳን ጉድጓድ ውስጥ ዘለለ። ይህን የምንናገረው ሰው ለመውቀስ አይደለም፤ እኛ የኮሚቴ አባሎችም ያን ቀን እዚያው ነበርን።

«ታዲያ ባንዲራ የያዘ ሰው ከቆመ ምልክቱ ምን ይሠራል?» ብሎ የጠየቀን ሰው አለ። መልሱ ቀላል ሂሳብ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሾፌሩ አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሴኮንድ ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ፍሬን ከተያዘም በኋላ መኪናው በደረቅ አስፋልት ላይ እንኳ ሌላ 14 ሜትር ያህል ሄዶ ነው የሚቆመው። ጭነት፣ ቁልቁለትና ዝናብ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። እንግዲህ ከመታጠፊያችን እስከ ልጁ መቆሚያ 20 እርምጃ አይሞላም! ባንዲራው ቢውለበለብ ባይውለበለብ ምን ለውጥ አለው? ምልክቱ ከመታጠፊያው በፊት የሚቆመው ሾፌሩ ልጁን ሳያይ ገና ፍጥነቱን እንዲቀንስ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።

በዚህ ነገር ብዙ የደከሙ አገሮች ደንብ አውጥተውለታል። በአሜሪካ የመንገድ ምልክቶች መመሪያ መሠረት፣ ዝግ ብሎ በሚነዳበት የከተማ መንገድ በማስጠንቀቂያ ምልክቶች መካከል 30 ሜትር ያህል ርቀት ይደረጋል፤ ከከተማ ውጭ ግን 150 ሜትር ያህል ይሆናል። ባንዲራም ቢሆን ለድንገተኛ ጊዜ ካልሆነ አይመረጥም፤ በእሱ ፋንታ በአንድ ፊቱ «ቁም»፣ በሌላው ፊቱ «ቀስ በል» የሚል እጀታ ያለው ሰሌዳ ይያዛል። ጨርቅ ያደናግራል፤ ጽሑፍ ግን ለሁሉም ያው ነው። ባንዲራ ከተያዘም ለማስቆም ወደ ጎን ተዘርግቶ፣ የሌላው እጅ መዳፍ ወደ መኪናው ይዞራል። ለማሳለፍ ግን ባንዲራው ዝቅ ይላል፤ የሚጠራው ባዶው እጅ ነው። የኛ ልጅ «ቁም» ለማለትም «ና» ለማለትም ያንኑ ጨርቅ ነበር የሚያውለበልበው። ማንም አላሳየውማ! ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ?

ሌላም ነገር አለ። ያው መመሪያ መኪና የሚያስቆመው ሰው ሥራ ሲያቆም ምልክቱ እንዲነሣ፣ እንዲሸፈን ወይም ፊቱ እንዲዞር ያዛል። ይህ በከንቱ አይደለም። በላይኛው መንገድ ሥራው ካለቀ በኋላ ምልክቱ ክረምቱን ሙሉ እዚያው ቆሞ ነበር። የሚኒባስና የባጃጅ ሾፌሮች በየቀኑ እያዩት ሲያልፉ ማንም ሰው የለም። ጅብ ሳይመጣ «ጅብ መጣ!» እያለ እንደሚጮኸው እረኛ፣ እውነተኛው ቀን ሲመጣ ማን ያምነዋል? የጠፋ ምልክትና የሚዋሽ ምልክት ጉዳታቸው አንድ ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው የሚከተለውን ለስብሰባው ያቀርባል፤

1ኛ/ ለድንኳንም ሆነ ለሠርግ፣ ለእንጨት ማውረጃም ሆነ ለሌላ፣ ማንም ሰው ምልክት አያንሣ። የግድ ከሆነ አስቀድሞ ለሥራው ካቦ ይነገር፤ ካቦው ራሱ ሌላ ቦታ ያቁመው።

2ኛ/ ማታ ባንዲራ ያዡ ሲሄድ የእሱ ምልክት ፊቱ ይዙር፤ ጠዋት ይመለስ። ጉድጓዱ ግን አጥርና ብርሃን ሳይኖረው አይደር። የሠፈሩ ዘበኞች ይህን እንዲያዩልን አደራ እንላለን።

3ኛ/ በጨርቁ ፋንታ «ቁም» እና «ቀስ በል» የሚል ሰሌዳ እንዲሰጥ፣ ለሚይዘውም ሰው አሠራሩ እንዲያሳይ ሥራ ተቋራጩን በደብዳቤ እንጠይቅ።

4ኛ/ ልጆቻችን ምልክቱን መጫወቻ እንዳያደርጉት በየቤታችን እንንገራቸው።

በመጨረሻም አንድ ነገር። ያ ወጣት የእድራችን አባል አይደለም፤ ከሌላ ሠፈር እየመጣ የሚሠራ የቀን ሠራተኛ ነው። ቢሆንም ፀሐይ ላይ ይቆም የነበረው ወደ እኛ ቤት ለሚገባው ውሃ ነው፤ የወደቀውም እኛ ባነሣነው ምልክት ምክንያት ነው። እግሩ ድኖ ሥራ እስኪጀምር ድረስ የየአቅማችንን እንድናዋጣለት እንጠይቃለን። መዝገቡ በሰሌዳው አጠገብ በጸሐፊው እጅ ይገኛል። የኮሚቴው አባሎች ስማችንን በመጀመሪያ አስፍረናል።